የጸዳለ ኪሮሽ

በአንድ ወቅት፣ የወንዱንና የሴቱን ግቢ አንድ ግንብ በሚለየው ወህኒ ቤት ጸዳለ የምትባል እስረኛ ገባች። ስትወለድ ወንድ ተብላ ነበር፤ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ግን የኖረችው በሴትነት ነው። መታወቂያዋ ወንድ ስለሚል ወደ ወንዶቹ ነዷት።

የክፍሉ ካቦ ጓንጉል ነፍስ አጥፍቶ የገባ ኃይለኛ ነው። ሌሎቹ ሊተናኮሏት ማሰፍሰፋቸውን ሲያይ ፍራሹን ከተኛችበት ጥግ ፊት አነጠፈና፣ «እኔን ረግጦ የሚያልፍ ይለፍ» አለ። አንዱ ሞከረ። ጓንጉል ትከሻው ላይ በሚስማር ተወጋ እንጂ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ሰው ነፍስ ማጥፋቱ ይገርመኛል።

የወህኒው አዛዥ ይህን ሲሰማ «ለደህንነቷ» ብሎ ጸዳለን ለብቻዋ ቆለፈባት። ደህንነት እንዲህ ከሆነ መቃብርም ሰላም ነው። ከግድግዳ ጋር ማውራት ስትጀምር ተረኛዋ ሳጅን ትርንጎ ሰማቻት። ትእዛዝ አልጠበቀችም፤ በሩን ከፍታ፣ እጇን ይዛ፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ሴቶቹ ግቢ አሻገረቻት። አዛዡ ሲያፈጥባት፣ «የተፈረደባት እስራት ነው፤ እብደት አይደለም» አለችው። በኋላ የበላይ አካል ጸዳለ እዚያው ትቆይ አለ፤ የትርንጎን የተገፈፈ ማዕረግ ግን የመለሰላት የለም።

ጸዳለ የገባች ዕለት ሴቶቹ ደነገጡ። ከሁሉም የባሰባት እትዬ እማዋይሽ ናት፤ ወንድ ያደረሰባት ግፍ ዛሬም ከእንቅልፏ ያባንናታል። «አንቺ እምቢ ካልሽ እናስወጣታለን» አሏት። እማዋይሽ፣ በሩ ሥር ኩርምት ብላ የምትንቀጠቀጠውን ጸዳለን አየቻት።

«እፈራለሁ፤ አልዋሽም። ግን እኔ የምፈራውን ነው እሷም የምትፈራው» አለችና ፍራሿን ጎትታ አጠገቧ ዘረጋችው። ጸዳለ ከታሰረች ወዲህ ጥሩ እንቅልፍ የወሰዳት ያን ጊዜ ነው። ኪሮሽም ያስተማረቻት እማዋይሽ ናት።

በዚያ ወህኒ የሚፈታ ሰው የእጁን ሥራ ይዞ አይወጣም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያኖረኝ እሱ ነው» ብሎ ለሚጠራው ለአንድ ሰው ይተወዋል። ጸዳለም የመፈቻዋ ቀን ነጭ የኪሮሽ አልጋ ልብሷን ታቅፋ ቆመች። ትርንጎ በሩን ይዛለች፤ እማዋይሽ ከኋላ ናት፤ ጓንጉል ከግንቡ ማዶ ጆሮውን አቁሟል። ከሦስቱ ስጪኝ ያላት የለም፤ አንጀቷን የበላውም ይኸው አለመጠየቃቸው ነው። ለሦስት ልቁረጠው ብላም ነበር፤ ኪሮሽ ግን ከተቆረጠ ይተረተራል።

አንዱ ደሙን አፈሰሰ፤ አንዷ ማዕረጓን አጣች፤ አንዷ ፍርሃቷን ዋጠች። ጸዳለ አፏን ልትከፍት ነው። እስቲ ፍረዱ፦ የማንን ስም ትጥራ?