የገላነህ ሆድና ሦስቱ ጎረቤቶች

በአንድ ወቅት፣ ያውም አገር ምድሩ ጾም ፈትቶ ሆዱን በሚያሻሽበት በፋሲካ ቀን፣ ገላነህ የሚባል ሰው «ሆዴን!» ብሎ ተጠቀለለ። ሚስቱ ስመኝ ሴት ልጅ ወልዳ ገና አራስ ነበረች። ቤቱን የሞላው እንግዳ ግን ማን ሊደነግጥ! «ዶሮው ነው! ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ የለመደ ሆድ ምን ያድርግ?» እያለ ሳቀ። አንዱ ፌጦ በጠበጠ፣ ሌላው አረቄ ቀዳ፣ አንዲት አክስቱ ደግሞ ሆዱን ልታሸው ቅቤ ይዛ ቀረበች። በእኛ አገር ታማሚ ይገኝ እንጂ ሐኪም ሞልቷል።

ጎረቤቱ ትርንጎ መጠየቅ የማይሰለቻት ሴት ናት። ፌጦውን ከአፉ መለሰችና፣

«ለመሆኑ ምን በላህ?» አለችው።

«ዶሮ።»

«ከስንት እንቁላል ጋር?»

ገላነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ገላነህ!»

«አልቀመስኩም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብ አስጠልቶኛል። ስመኝ እንዳይከፋት የበላሁ መስዬ ነው።»

ትርንጎ ወደ እንግዳው ዞራ፣ «በሉ ዶሮውን ይቅርታ ጠይቁት!» አለች። ሳቁ ቆመ። ስመኝ ልጇን እንዳቀፈች ማልቀስ ጀመረች።

«ካልበላማ ረሃብ ነው፣ አጉርሱት!» ያለም አልጠፋ። ሁለተኛዋ ጎረቤት ዘነቡ ጉርሻውን ከመንገድ መለሰችው።

«መጀመሪያ የት ነው ያመመህ?»

«እንብርቴ ዙሪያ።»

«አሁንስ?»

በስተቀኝ ከታች አሳያት። ቀስ ብላ ተጫነችው፤ እጇን ድንገት ስታነሳ ገላነህ ጮኸ።

«ወንድሜንም እንዲህ አድርጎት ነበር፤ ትርፍ አንጀት ነው!» አለች። «እህል ውሃ አታቅምሱት፣ ሆዱንም እንዳታሹት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ።» አክስትየዋ ቅቤዋን ይዛ ተመለሰች።

ግን በምን ይሂድ? ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ ነው፤ በዚያ ቀን መኪና የለም፤ ጎረምሳው ሁሉ ጠላ ላይ ነው። ሦስተኛዋ ጎረቤት እናኑ ድምፀ መረዋ ናት። በየደጃፉ እየቆመች ጎረምሳውን በዘፈን በየስሙ አሞገሰች፤ የዘገየውንም በዚያው ዜማ ሰደበችው። እንዲህ ተጠርቶ ማን ይቀመጣል? ዐሥራ ስድስት ሆነው ገላነህን በቃሬዛ ተሸከሙት። እሷ ከፊት እያወጣች፣ እነሱ እየተቀበሉ፣ ዳገቱን በሩጫ ወጡት። ገላነህም እያቃሰተ ዘፈኑን ተቀበለ ይላሉ፤ እኔ እንኳ ይህን አላምንም።

ሐኪሙ ቀዶ ካወጣለት በኋላ፣ «ጥቂት ብትዘገዩ ይፈነዳ ነበር» አለ። ገላነህ ተረፈ፤ ደስ ሲል!

ስመኝ ያን ቀን «ባሌን ላተረፈችልኝ ሴት፣ ልጄን በክርስትና እሰጣለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ፌጦና አረቄ ጠጥቶ፣ ተከናንቦ ይተኛ ነበር» አለች ትርንጎ።

«አንቺ ያወቅሽው ዶሮው አለመሆኑን ነው፤ በሽታውን በስሙ የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች ዘነቡ።

«ስሙን እየጠራችሁ ታለቅሱለት ነበራ! በሽታው ስለታወቀ ዳገት አይወጣም» አለች እናኑ።

ገላነህ ጠባሳውን ይዞ ይስቃል። ቄሱ «በሉ እንጂ! የምትቀበላት ማን ናት?» ይላሉ። ስድስት እጅ ተዘርግቷል፤ የክርስትና እናት ግን አንዲት ናት።

እናንተ የምትሰሙ፣ እስቲ ፍረዱ፦ ስመኝ ልጇን ለማን ትስጥ?