እግሯን የዘረጋች ሕዋስ

«አንድ ጊዜ ብቻ ልያቸው፣ ዶክተር። አንድ ጊዜ!»

«ከጠዋት ጀምሮ የምትዪው ይህንኑ ነው» አሉ ዶክተር ይመኙሻል፣ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ።

ተማሪዋ ሶስና ግን የኢንኩቤተሩን፣ የሙቀት ሣጥኑን፣ በር ከፍታ፣ የመስታወት ሳህኑን ይዛ ወደ ማይክሮስኮፑ ሮጣለች። ሳህኑ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት የመጨረሻዎቹ ናቸው። ዛሬ መስታወቱ ላይ ተዘርግተው ፎቶ ካልተነሡ የመመረቂያ ሥራዋ እዚሁ ይቆማል።

አየች። ድብልብል ናቸው። በቀይ ቀለም የሚያበሩት ማይቶኮንድሪያ፣ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጩት፣ የሕዋሱን አስኳል፣ ኑክለሱን፣ ከበው ተኮማትረዋል። ዝናብ የያዛቸው የታክሲ ተሳፋሪዎች አንድ ታዛ ሥር እንደተጠጉ።

«መስታወቱን አልያዙም! ጠልተውኛል መሰለኝ።»

«አልጠሉሽም። ስሚ፤ እግርሽን ዘርግተሽ ልትተኚ ስትይ፣ እኔ አልጋሽን ተሸክሜ በብርድ ኮሪደር ለኮሪደር ብሮጥ ትተኛለሽ?»

«እጮሃለሁ እንጂ!»

«እነሱ አፍ ስለሌላቸው ተኮማተሩ። መልሻቸው። አንቺም ቦርሳሽን አውርጂ፤ ከጠዋት ጀምሮ ትከሻሽ ላይ ነው።»

ሶስና ሳህኑን መለሰች። ቦርሳዋን አወረደች። ጎን ባለው ቢሮ ሽሮ በሉ። ልጅቷ በየጉርሻው መሃል ብድግ ትላለች፤ ዶክተሯ በጋዋኗ ጫፍ ጎትተው ያስቀምጧታል።

ከሰዓት በኋላ አዩ።

ሕዋሳቱ መስታወቱን ይዘዋል። ጠርዛቸው ወደ ውጭ ሄዷል። ኑክለሱ ጠፍጠፍ ብሎ ተደላድሏል። ማይቶኮንድሪያዎቹም መሃሉን ለቀው፣ ሕዋሱ ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን መንገዶች እስከ ዳር ድረስ ሄደዋል። ማንም አልገፋቸውም።

ሶስና ፎቶውን አነሣች። ዶክተሯን አቅፋ ግንባራቸውን ሳመች።

የውስጡ ነገር ቦታ ቦታውን የሚይዘው፣ ውጪው የሚጨብጠው ሲያገኝ ነው። ለመጨበጥ ደግሞ ፋታ ያስፈልጋል። ልጃችንን፣ ትዳራችንን፣ አዲሱን ሥራችንን «እስቲ ያዘ ወይ?» እያልን ስንቴ ከሙቀቱ አውጥተን አየነው?

ሳህኑ ወደ ኢንኩቤተሩ ተመለሰ። ሕዋሳቱ እስከ ማታ ገና ይሰፋሉ።

«ሶሲ» አሉ ዶክተር ይመኙሻል፣ እጃቸውን እያፍተለተሉ፣ «እኔ እኮ በደንብ አላየሁም። አንዴ ብቻ…»

«ተኝተዋል፣ ዶክተር።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።