ስልኩ ላይ ስሟ የሌለ ለቀስተኛ

መርሳት ያንገሸገሸው አንድ ሰው ነበረ።

ተቀመጪ ልጄ፤ ቆመሽ አትሰሚኝ፣ እኔም ቀና ብዬ ሳይሽ አንገቴ አይችልም። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አርባ ቀን ሆስፒታል ስትተኚ ማን መጥቶ እንደጠየቀሽ ስልክሽ ላይ ስም በስም መዝግበሻል። አሁን ታላቅ እህትሽ በተራዋ ታማ ቤቷ ተኝታለች፤ መዝገቡን ብታዪ የእሷ ስም የለም። «አባ፣ ያልጠየቀችኝን ልጠይቃት ይገባኛል ወይ?» ነው ያልሽኝ። የነፍስ አባትሽ ነኝና ሂጂ ብዬ ላዝሽ እችል ነበር። ግን በትእዛዝ ብትሄጂ ፊትሽን አኮሳትረሽ ነው የምትቀመጪው፤ እሱ ደግሞ ለበሽተኛ ምን ይረባል? ስለዚህ የዚህን ሰውዬ ነገር ስሚ።

ሰውዬው በአንዲት ትንሽ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ጭንቅላቱ ግን ወንፊት። ቁልፉን ይረሳል። መታወቂያውን አለመያዙን ቀበሌ ደርሶ ነው የሚያስታውሰው። የውሃ ተራቸውን ቀን ያሳልፍና ሚስቱን ሳምንት ሙሉ በጀሪካን ያስለፋታል። የደንበኛ ልክ በቁራጭ ወረቀት ይጽፍና ወረቀቱን ከእራፊ ጨርቅ ጋር ጠርጎ ይጥለዋል። ይሄ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው ለቅሶ መርሳቱ ነበር። ያገራችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ሰርግ ብትቀሪ ይታለፋል፣ ለቅሶ ብትቀሪ ግን ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ፊት ይዞርብሻል። እሱ ላይ ስንት ፊት ዞረ። ሆን ብሎ አይደለም እኮ። ሰኞ እሄዳለሁ ይላል፤ ሰኞ ሲመጣ ሰው መሞቱንም አያስታውስም። ይቅርታ መጠየቅ ራሱ ሌላ ሥራ ሆነበትና ደከመው።

አንድ ቀን ስልክ ገዛ። ሻጩ መዝገቡን ከፍቶ አሳየው፤ ስም ትጽፋለህ፣ ቀን ትጽፋለህ፣ ቀኑ ሲደርስ ራሱ ይጮህልሃል፣ በኛው አቆጣጠር፣ ጳጉሜን ሳይቀር። ሰውዬው ከስንት ዓመት በኋላ እፎይ አለ።

ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱ። ድንኳን ተተከለ፣ አገሩ ጎረፈ። እሱም ጋቢውን ተከናንቦ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀመጠና ስልኩን ጋቢው ውስጥ ደብቆ የሚገባውን ሰው ስም ይጽፍ ጀመር። ማን ገባ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ ስንት ቀን ተመላለሰ። አቀርቅሮ ላየው ሰው ሁሉ የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ያለቅስም ነበር፣ አልዋሽበትም፤ በአንድ እጁ እንባውን ይጠርጋል፣ በሌላው ይጽፋል። በሦስተኛው ቀን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ስም ሞላ።

ከዚያ ወዲያ ነገር ቀለለለት። የእድር ጡሩንባ ሲነፋ መዝገቡን ይከፍታል። ሐዘንተኛው ለሱ ሦስት ቀን መጥቶለት ከሆነ ሦስት ቀን ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይነሳል። ስሙ ከሌለ በስልክ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ወደ ስፌት መኪናው ይመለሳል። የከተማው ሰውም አመሰገነው፤ «በስተርጅና ሰው ሆነ» አሉት።

ግን ዕረፍት መች አገኘና። ስልኩ ልክ ሲወስድ ይጮሃል፣ ሲበላ ይጮሃል፣ ቅዳሴ መሃል ይጮሃል። መብራት በጠፋ ቀን ባትሪው ያልቃል፤ እሱም ለማን ምን እንዳለበት ሳያውቅ መብራት እስኪመጣ ሲቁነጠነጥ ይውላል። አንድ ቀን ደግሞ ስልኩ ቦታ የለኝም፣ ያለውን ቀንስልኝ አለው። ሰውዬው ከላይ ታች ቢል የሚቀንሰው አጣና ያባቱን ፎቶዎች ሰረዘ። ያባቱን ለቅሶ የደረሱትን ሰዎች ስም ለማቆየት ብሎ ያባቱን ፊት ሰረዘ። ይሄን ሳወራሽ እንኳ ይደክመኛል።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጡሩንባ ተነፋ። አጥር ለአጥር የሚጎራበቷት ሴትዮ ባል ሞተ፤ ለዓመታት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ነበር። የልብስ ሰፊው ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ እየሮጠች ሄደች። እሱ መዝገቡን ከፈተ። የሴትዮዋን ስም ፈለገ፣ የለም። የባሏን ፈለገ፣ የለም። ሁለት መቶ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ አነበበ፤ የለችም። መጀመሪያ ከፋው። አጥር ለአጥር ሆና ያባቴን ድንኳን ሳትረግጥ ቀረች ብሎ አዘነ። ቀጥሎ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለው። እግሩ አብጧል፣ ለሰርግ የተቀጠረ ልብስ ተከምሮበታል፣ የመቃብሩም መንገድ ዳገት ነው። መዝገቡ ገላገለው። ተቀምጦ ልብሱን ሰፋ። ለቀስተኛው አስከሬኑን ይዞ በደጁ ሲያልፍ በሩን ገርበብ አደረገ እንጂ አልወጣም።

ከቀብር መልስ ሚስቱ ትልቁን ድስት ልትወስድ ብቅ አለች።

«ምነው፣ ቀብር ላይ አላየሁህም?» አለችው።

ስልኩን ዘረጋላት። «እኛ ጋ መች መጣች? ይኸው፣ ስሟ የለም።»

ሚስቱ ስልኩን አልተቀበለችውም። ድስቱን መሬት አስቀምጣ ከጎኑ ቁጭ አለች፤ ከንጋት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው።

«ያባትህ ለቅሶ ላይ ለዚያ ሁሉ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ የሠራው ማን ይመስልሃል?» አለችው። «እሷ አይደለችም እንዴ? ጓሮ፣ ጭስ ውስጥ ነበረች። አንተ ጓሮ ዝር አላልክ፣ በምን ታያታለህ? በቀን ሁለት ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ባሏን አገላብጣ፣ አጉርሳው ትመለስ ነበር። ድንኳን የምትቀመጥበት ጊዜ ከየት ታምጣ?»

ሰውዬው ተነስቶ ጫማውን ፈለገ፤ አንዱን እግር አጥልቆ ደግሞ ተወው። የት ይሄዳል? ሟቹ ተቀብሯል። የጎረቤቱን ባል አፈር ሳያለብስ ቀርቷል፤ ይሄ ነገ የሚካስ አይደለም። በዚያ መዝገብ ከእሷ ሌላ ስንት ሰው እንደበደለ ሲያስበው ተመልሶ ተቀመጠ። ሚስቱ ድስቱን አንስታ ወጣች። አፈረ፣ ልጄ። ሰው ብቻውን ሆኖም ያፍራል።

በማግስቱ በጠዋት ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። አልገባም። ዞሮ ወደ ጓሮ አለፈ። ሴቶቹ መንገድ የሳተ መስሏቸው «ድንኳኑ በወዲያ በኩል ነው» አሉት። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በርጩማ ስቦ፣ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠና ሰሃን ማጠብ ጀመረ። በቅጡም አይችልበትም ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እጁ አረፋ ነው፤ ተወው፣ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ቀና ብሎ ሲያይ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አንዷ ውሃ ተሸክማ ትገባለች። ሁሉንም ያውቃቸዋል፣ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንድም መዝገቡ ላይ ያለ ሰው አላገኘም።

ሐዘንተኛዋ ነገሩን ሰምታ ወጣች።

«ምነው አንተ፣ እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ቀብሩ ላይ አልነበርኩም» አላት። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ሴትዮዋ ቆማ አየችው። አልተቆጣችውም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አላለችውም። «ሰሃኑን ገልብጠህ ደርድረው፣ ውሃው ይንጠፍጠፍ» ብላው ተመልሳ ገባች። እሱም እንዳለችው ገልብጦ ደረደረው። ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ከዚያ ሳፋ አልተለየም።

እንግዲህ ልጄ፣ ስልኩ አልዋሸም። ያየውን ጽፏል፤ የሚያየው ግን በድንኳኑ አፍ የሚገባውን ብቻ ነበር። ያንቺም መዝገብ እንደዚያው ነው። ስልክ ክፉ ነው አላልኩሽም፤ እኔም የመድኃኒቴን ሰዓት የሚያስታውሰኝ እሱ ነው፣ ያለሱ ይሄኔ ሞቼ ነበር። የቀጠሮሽን ቀን ጻፊበት፣ የልጅ ክትባት ጻፊበት። ሰው ግን አትመዝኚበት። አርባ ቀን አልጋሽ ላይ ሆነሽ አልጋሽ ድረስ የመጣውን ጻፍሽ። ብርቱካን ይዞ የመጣውን፣ ተቀምጦ ያወጋሽን፣ ግንባርሽን ዳስሶ የሄደውን ሁሉ ጻፍሽ። ጥሩ አደረግሽ። ግን አንቺ ሆስፒታል ስትተኚ ቤትሽ አብሮሽ አልተኛም።

እስቲ ልጠይቅሽ። ያን አርባ ቀን ልጆችሽን ማን አበላቸው? ልብሳቸውን ማን አጠበ፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ማን አደረሳቸው?

ተይ፣ ለኔ አትመልሺልኝ፤ ፊትሽ ነግሮኛል። እህትሽ ሆስፒታል መጥታ ያልጠየቀችሽም ለዚሁ ነው፤ እጇ ልጆችሽ ላይ ነበር። በይ ተነሺና ሂጂ። ስትደርሺ ወንበር ስበሽ አልጋዋ አጠገብ አትቀመጪ። መጀመሪያ ማድቤት ግቢና የእሷ ልጆች በልተው እንደሆነ እይ።