የአለሁ ኩሬ

ከጣና ዳር፣ ከሐይቁ ጋር በቀጭን ውሃ የተያያዘ፣ ደንገል የከበበው አንድ ኩሬ አለ፤ ስሙ አለሁ ይባላል። ዛሬም በዚያ በታንኳ የሚያልፍ ዓሣ አጥማጅ፣ አምባዛ የሚባለው ዓሣ ብቅ ብሎ አየር ሲስብ ከሰማ፣ መቅዘፉን ገታ አድርጎ «አለሁ» ሳይል አያልፍም። እንግዳ ሰው ይስቅበታል፤ ይሳቅ፣ ማን ከለከለው።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት፣ በክፉ ዘመን ወረርሽኝ ገብቶ የኩሬውን መንደር ሲፈጀው፣ እንጉዳይ የምትባል ሴትና ባሏ ዘርትሁን ብቻ ቀሩ፤ ኋላም ዘርትሁን ከማጥመድ እንደተመለሰ አተኮሰውና በማግስቱ ሞተ። ጉድጓዱን የቆፈረችው ራሷ ነበረች። አፈሩን እየመለሰች «እኔንስ ማን ይቀብረኛል?» ብላ አለቀሰች ይባላል።

ከመቃብሩ ስትመለስ፣ ዳር ላይ ከተጎተተው ታንኳ ውስጥ የሰው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማች። ባሏ መስሏት የተከደነውን እርጥብ ደንገል ብትገልጠው፣ እሱ ያጠመደው አምባዛ ነው፤ አፉን ከፈት እያደረገ አየር ይስባል። የአምባዛ ጭንቅላት የፈለጠ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሌላው ዓሣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ሲደርቅ ይሞታል፣ አምባዛ ግን ከስንጥቡ በላይ ባለች ጓዳ ውስጥ እንደ ትንሽ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ያወጣ ቀይ ሥጋ አለው፤ በአፉ የሳበውን አየር እዚያ ይዞ ይተነፍስበታል፤ እርጥበት ካልተለየው ከውሃ ውጭም ይሰነብታል።

እንጉዳይ እህል ከቀመሰች ቆይታለች፤ ቢላዋም አነሳች። ግን በዚያ ሁሉ መንደር ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነበርና አንጀቷ እንቢ አላት። ተሸክማ ወስዳ ኩሬው ውስጥ ለቀቀችው፤ ጦሟንም አደረች። ከዚያ ወዲያ ብቅ ብሎ በተነፈሰ ቁጥር ከደጃፏ ሆና «አለሁ» ትለው ነበር።

ዓመታት አልፈው ከማዶ አጥማጆች መምጣት ጀመሩ። አንዱ «እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?» ቢላት፣
«ሲተነፍስ ዝም ልበለው እንዴ? ብቻውን የቀረ ይመስለዋል» አለችው።

እንደሚነገረው፣ አንድ ቀን ሰዎቹ ሲያልፉ አምባዛው ተነፈሰ፤ መልስ ግን የለም። ጠበቁ። ደግሞ ተነፈሰ። ያን ጊዜ ታንኳቸውን ጥለው ወደ ቤቷ ሮጡ፤ እንጉዳይ አርፋለች፣ ገላዋ ገና አልቀዘቀዘም። ከባሏ ጎን ቀበሯት፤ እንደ ዘመድም አለቀሱላት። ሲመለሱ ውሃው ላይ ያ ትንፋሽ ተሰማ፤ ያ የጠየቃት ሰው ዞር ብሎ «አለሁ» አለው።

ዛሬ ቤቷ የነበረበትን ቦታ ደንገል ውጦታል። አጥማጆቹ ግን አሁንም «አለሁ» ይላሉ፤ በተለይ ብቻውን የሚቀዝፍ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚለው።