ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት የአበባ መደብ

አንድ ጊዜ በአንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ከዛፍ ጥላ በቀር ሌላ ቦታ የማይበቅል ነጭ አበባ ነበር። ነበር ነው የምላችሁ። የጫካው አውሬ ሁሉ ለደጄ ጌጥ ይሁነኝ እያለ ከነሥሩ ነቀለውና ፀሐይ ላይ ተከለው፤ አበባውም እያረረ አለቀ። አንዱም ምን አደረግሁ አላለም።

የመጨረሻዋን ጭብጥ ዘር የለቀመችው ሚዳቋ ነበረች። ከትልቁ ዝግባ ሥር መደብ አበጅታ ዘራችው፤ የረገፈ ቅጠል አለበሰችውና ትጠብቀው ጀመር። ይህ ዘር የመጀመሪያውን ክረምት አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል፤ የሚበቅለው በሁለተኛው ነው። ስለዚህ አልቸኮለችም። ይህ ከጠፋ ሌላ ዘር እንደሌለ ግን ለጎረቤቶቿ ሁሉ ነግራለች።

ሥራ ፈቱ ቀበሮ ጎረቤት ሲጣላ ማየት ደስ ይለዋል። ወደ ጅብ ሄደና «አያ ጅቦ፣ ባዶ መሬት ዓመት ሙሉ የሚጠብቅ አይተህ ታውቃለህ? ሥጋ ቀብራ ነው እንጂ» አለው። ያ ሆዳም መች አመነታ። ሚዳቋ ውሃ ጠጥታ ስትመለስ የመደቡን እኩሌታ ገለባብጦ የዛፍ ሥር ሲያኝክ አገኘችው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ።

ሚዳቋ እያለቀሰች ለአንበሳ አቤት አለች። አንበሳም እያዛጋ፣ ከርከሮ፣ ጎሽና አህያ ሄደው ይሸምግሉ አለ። በዚያው ሰሞን በተረፈው እኩሌታ ላይ ቀጫጭን ቡቃያ ብቅ ብሎ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐዩ ይፋጃል። ጥላ ፈለጉ፤ ከዝግባው ሥር የሚሻል አላገኙም። ቅጠሉ ለስላሳ ነው። ሦስቱም ዘፍ አሉበት።

«አባቶቼ፣ እባካችሁ ከዚያ ላይ ተነሡልኝ። ቡቃያው ከሥራችሁ ነው» አለች ሚዳቋ።

«የተቀመጠ ሽማግሌ ተነሣ አይባልም፤ ነውር ነው» አላት ጎሽ። «ተራሽ ሲደርስ ትናገሪያለሽ።»

ተራዋ መቼ ሊደርስ! ስነግራችሁ ደሜ ይፈላል። ቀኑን ሙሉ ስለ ጉርብትና ክብር አወሩ። ጅብ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ አጥፍቻለሁ አለ፤ ሽማግሌዎቹም አንጀታቸው ራራለት። ድንጋዩን አውርድ ሲሉት እዚያው መደቡ ላይ ጣለው። ቀበሮን የጠየቀው የለም። ከዚያ ሁሉም ወደ ሚዳቋ ዞረው፣ ይቅር በይ፣ አታስቸግሪን፣ ሽማግሌ አትርገጪ እያሉ ወጠሯት። ማን ማንን እንደረገጠ እናንተ ፍረዱ።

አመሻሽ ላይ ጭራቸውን እያወዛወዙ ተነሡ። ቡቃያው ተጨፍልቆ ከጭቃው ጋር ተለውሷል። አንድም የቆመ አልነበረም።

«ጅብ ግማሹን ያጠፋው ርቦት ነው» አለች ሚዳቋ። «እናንተ ግን የቀረውን ያጠፋችሁት ልትፈርዱልኝ መጥታችሁ ነው። የእናንተን በደል አሁን ለማን አቤት ልበል?»

አህያ ጆሮውን ጣለ። ከርከሮ መሬት መሬት አየ። ጎሽ ግን «ይቺ ልጅ ይቅርታ የሚባል አታውቅም» እያለ ሄደ። ያ አበባ ከዚያ ወዲህ በዚያ ጫካ ታይቶ አይታወቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተበደለ ልፍረድ ብሎ የመጣ ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የተቀመጠው በተበዳዩ ቡቃያ ላይ አለመሆኑን ማየት እንዳለበት ነው።