ብቻውን የመጣ ካሳ ጠያቂ

አንድ ገበሬ ነበረ። አንድ ጥማድ በሬና ከወንዝ ማዶ የሚኖር ታናሽ ወንድም ነበረው። በሬዎቹን ይወድ ነበር፤ ወንድሙን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው።

አንድ ጠዋት ሊያርስ ሲነሳ የማያውቀው ሰው ከደጁ ደረሰ። የለበሰው የወንድሙን ጋቢ ነው። የፈተለችው እናታቸው ስለነበረች ገበሬው ገና ከሩቅ ለየው።

«ወንድምህ በጠብ ሰው ፈንክቶ ተይዟል» አለ ሰውዬው፣ ተቀመጥ ቢባልም እንደ ቆመ። «ምልክት እንዲሆንህ ጋቢውን አውልቆ ሰጠኝ። አንድ በሬ ለካሳ ካልሰጠህ ዛሬን አያድርም። ለማንም እንዳትናገር፤ የተፈነከተው ሰው ዘመዶች ከሰሙ አለቀለት።»

«ኧረ ሽማግሌ እንጥራ» አለች ሚስቱ።

«ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ወንድሜ ይሙት?» ብሎ ጮኸባትና በሬውን ፈትቶ ገመዱን ለሰውዬው አስጨበጠው።

ምን ይደረግ፤ ሰው ሲደነግጥ ያደገበትን ወግ ይረሳል። በዚያ አገር ካሳ የሚጠየቀው ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ጎረቤት እየሰማ ነው። ብቻውን መጥቶ በሹክሹክታ ካሳ የጠየቀ ሰው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ተሰምቶ አያውቅም። ገበሬው ይህን ያውቅ ነበር። ማወቁ ግን አልጠቀመውም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሙ በእግሩ እያዘገመ መጣ። ማንንም አልፈነከተም። ጋቢው ታጥቦ ወንዝ ዳር ከተሰጣበት ከጠፋ ሰንብቷል። ገበሬው አቅፎት አለቀሰ። ወንድሙ ደኅና በመሆኑ ሊደሰት ሲገባው ዓይኑ ብቻውን በቀረው በሬ ላይ ነበር፤ በዚህም በራሱ አፈረ። ያን ክረምት መሬቱ ጦሙን አደረ።

ታሪኩን የሚነግሩት ሽማግሌ እዚህ ላይ ተነፈሱና ወደ ጠያቂያቸው ዞሩ።

«እንግዲህ ትርሲት፣ ‹በወንድሜ ስም ፌስቡክ ላይ ብር ላኪ የሚለኝን ሰው በምን ልለየው?› ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህን ጥያቄ መስማት ሰልችቶኛል፤ ብዙዎቹ ወደ እኔ የሚመጡት ከላኩ በኋላ ነውና። ፎቶው የወንድምሽ ነው አልሽ። ጋቢውም የወንድሙ ነበር። ፎቶ የተሰጣ ልብስ ነው፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነሳዋል። አንቺ የለበሰውን ተዪና አመጣጡን እዪ። ያጣድፍሻል? ልደውልልህ ስትዪው ስልኬ ተበላሽቷል ይላል?»

«አዎ ጋሼ» አለች ትርሲት አንገቷን ደፍታ። «ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለእናታችንም ቢሆን ብሎኛል። ላም ልገዛበት ያስቀመጥኩትን ነገ ጠዋት ልልክለት ነበር።»

«ለእኔ ግን ነገርሽኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሽማግሌ ጠራሽ ማለት ነው። በይ አሁን ድሮ በምታውቂው ቁጥር ለወንድምሽ ደውዪና ድምፁን ስሚ። እውነተኛ ወንድም ለምን ተጠየቅሁ ብሎ አይቀየምም።»