ስኳር የተነሰነሰበት ሽሮ

አንዲት ትምህርቷን ያቋረጠች እናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ፣ የፕሮግራሙ አሮጌ መመሪያ «ፋይሉ እዚህ ነው» ያለው ቦታ ባዶ ሆነባት፤ አዲሱ ሲስተም ፋይል የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው። መመሪያውን እንደ ሲስተሙ አስተካክላ ጻፈችው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ልሳነወርቅ በሰው ፊት ጮኹባት፦ «ስምንተኛን ሳትጨርሺ የፈረንጅ መጽሐፍ ታርሚያለሽ? ወይ ኮምፒውተሩን እንደ መጽሐፉ አድርጊው፣ ወይ ሥራሽን ልቀቂ!»

የልጇ ወተት ትዝ አላትና አቀረቀረች።

«ጋሼ፣ ሞኝነቴ የቆየ ነው። ሙሽራ ሆኜ አማቴ ጓዳ ስገባ፣ የእናቴ ቤት መስሎኝ ከግራ መደርደሪያ አንስቼ ሽሮው ላይ ስኳር ነሰነስኩ። ‹እናቴ ጨው በግራ ነው ብላኛለች› ብዬም ድርቅ አልኩ።»

«አማትሽ ታዲያ ምን አሉ?»

አሮጌውን መመሪያ ወደሳቸው ገፋ አደረገችው።

«‹እንግዲያው አንቺው ብዪው› አሉኝ።»